ከነጭ የተቆረጠ በጥቁር ይታያል

ጀርባው ተቆርጦ የወጣ ምስል፣ ሎጎም ሆነ የሙሽራ ፎቶ፣ ነጭ ላይ ሲታይ እንከን ያለበት አይመስልም። ያው ምስል ጥቁር ፖስተር ላይ ሲቀመጥ ግን ዙሪያውን ነጣ ያለ መስመር ይወጣበታል። መስመሩ ቀድሞም ነበረ፤ ነጩ ሸፍኖት ነው።

ምክንያቱ ያለው ጠርዝ ላይ ባሉት ፒክስሎች ውስጥ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ፒኤንጂ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ሌላ አልፋ የሚባል ቁጥር መያዝ ይችላል። በተለመደው አሠራር 0 ሙሉ በሙሉ ያሳልፋል፣ 255 ምንም አያሳልፍም። ነጭ ግድግዳ ፊት ቆማ ፎቶ የተነሳች ሴት እናስብ። ጎፈሬዋ ጫፍ ላይ ያለው ፒክስል ግማሹ ጸጉር፣ ግማሹ ግድግዳ ነው። የጸጉሩ ቀለም 20፣ የግድግዳው 255 ቢሆን ቅልቅሉ 137 አካባቢ፣ ግራጫ ይሆናል። ሲቆረጥ አልፋው ወደ ግማሽ ወርዶ ቀለሙ ሳይጸዳ ከቀረ፣ ጥቁር ላይ 10 መሆን የነበረበት ነጥብ ወደ 69 ይወጣል። ዓይን ይህን ወዲያው ይይዘዋል።

ለዚህ ነው ጠንቃቃ ዲዛይነር ፎቶሾፕ ውስጥ ከምስሉ ሥር በአንድ ቀለም የተሞላ ሌየር አስገብቶ ቀለሙን የሚቀያይረው። ከነጭ የተቆረጠውን በጥቁር፣ ከጥቁር የተቆረጠውን በነጭ ያየዋል። ከአረንጓዴ መጋረጃ የወጣው ግራጫ ላይ ሲሆን ትከሻና ጸጉር ላይ የቀረው አረንጓዴ ይጋለጣል። ፕሮግራሙ ራሱ የሚያሳየው ነጭና ግራጫ የዳማ ሰሌዳ ግን ለዚህ ሥራ አይታመንም፤ ዓይንን ይበታትናል፣ ቀጭን ጉድለትም ይውጣል።

ነጠላ የለየለት ፈተና ነው። ስስ ስለሆነ የኋላውን በከፊል ማሳየት አለበት፤ ጠርዙ ብቻ ተስተካክሎ መሐሉ ድፍን ከቀረ ጥቁሩ ላይ ውበቱ ይሞታል።

ፎቶሾፕ ነጩን የሚያነሳ ትእዛዝ አለው፤ ማቲንግ ከሚለው ሥር ሪሙቭ ኋይት ማት ይባላል። ቀጫጭን ጸጉር ሊያበላሽ ስለሚችል ከዚያ በኋላ አጉልቶም በ100 ፐርሰንትም ደግሞ ማየት ግድ ነው።

የቴሌግራም ስቲከር የሚሠራ ሰው ሁለቱንም ጀርባ ማየት አለበት፤ አንዱ ተቀባይ ስልኩን በነጭ፣ ሌላው በጥቁር ገጽታ ይጠቀማልና። ያለቀው ምስል ለደንበኛ ሲላክም እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ወደ ጄፔግ ይለውጠዋል፤ ጄፔግ ደግሞ አልፋ አይይዝም።