ከካርቶኑ ጋር የሚቀር ማስጠንቀቂያ

ፒያሳ ካሉት ፋርማሲዎች ወደ አንዱ ገብቶ ለራስ ምታት ፓራሲታሞል የሚጠይቅ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ የሚገዛው አሥር ፍሬ የያዘ አንድ ስትሪፕ ነው። ባለሙያው ካርቶኑን ከፍቶ ስትሪፑን ያወጣል፤ ካርቶኑና በውስጡ የታጠፈው የመግለጫ ወረቀት መደርደሪያው ላይ ይቀራሉ።

ፓራሲታሞል ያለ ሐኪም ማዘዣ ከሚሸጡት መድኃኒቶች አንዱ ነው። በእነዚህ መድኃኒቶች ገዢው ሕመሙን ራሱ ለይቶ፣ አወሳሰዱንም ራሱ ስለሚወስን ሐኪሙ ሊነግረው ይገባ የነበረውን የሚነግረው ጽሑፉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ቁጥጥሩ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኃላፊነት ሲሆን፣ መድኃኒት ሲመዘገብ በመያዣው ላይ የታተመውም ሆነ አብሮ የሚታሸገው ጽሑፍ ይመረመራል።

ጽሑፉ ለምን እንደሚያስፈልግ ፓራሲታሞል ራሱ ያስረዳል። ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም 500 ሚሊ ግራም ከሆነው ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም። ጉበት አብዛኛውን መድኃኒት ያለ ጉዳት ያስወግደዋል፤ ጥቂቱ ግን ወደ መርዛማ ውህድ ይለወጣል። ይህን መርዝ የሚያመክን ግሉታታዮን የሚባል ንጥረ ነገር በጉበት ውስጥ አለ። መጠኑ ሲበዛ ግሉታታዮኑ ያልቅና መርዙ የጉበትን ሕዋሳት ይገድላል። በመጀመሪያው ቀን ጎላ ያለ ምልክት ላይታይ ስለሚችል ሰውየው ደኅና ነኝ ብሎ ይዘገያል። በብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል አለ፤ ሁለቱን ባንድነት የሚወስድ ሰው ሳያውቀው መጠኑን ይደርባል። አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ደግሞ የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያዳክማሉ። ጨጓራ ያለበት ሰው፣ በተለይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ በባዶ ሆዱ የሚወስዳቸው፣ ማስጠንቀቂያው ከማንም በላይ ያስፈልገዋል።

ማስጠንቀቂያ ለውጥ ያመጣል ወይ? በአሜሪካ አስፕሪን ኢንፍሉዌንዛ ወይም ጉድፍ በያዛቸው ልጆች ላይ ሬይ ሲንድሮም ከሚባለው አደገኛ የአንጎልና የጉበት ሕመም ጋር እንደሚያያዝ ከታወቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በመያዣው ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ተደነገገ። በ1980 ከ500 በላይ የነበረው የሕሙማን ቁጥር ከ1987 ወዲህ በዓመት ከ40 በታች ሆነ። ቁጥሩ መቀነስ የጀመረው ግን ከድንጋጌው በፊት፣ ሐኪሞችና ጋዜጦች ለወላጆች መናገር ሲጀምሩ ነው። ጽሑፉ በሰው አንደበት ሲታገዝ ነበር የሠራው።

ፒያሳ ላይ ግን ጽሑፉ የሚሰናከለው በሦስት ቦታ ነው። መጀመሪያ፣ ሙሉው ማስጠንቀቂያ ያለው ገዢው ይዞት በማይሄደው ካርቶንና ወረቀት ላይ ነው። ሁለተኛ፣ አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው።

ሦስተኛው ብዙም አይነሳም፤ እኔ ግን ከሁሉ የከፋ ይመስለኛል። ከውጭ በሚገባ መድኃኒት ላይ የሚታተመው የአገልግሎት ማብቂያ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን፣ ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይቀድማል። በ2018 ዓ.ም. አንድ ሰው ስትሪፑ ላይ 2024 የሚል ቢያነብ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ገና ስድስት ዓመት እንደቀረው ሊቆጥረው ይችላል። ቁጥሩ ግልጽ ሆኖ ስለሚነበብ ጠይቆ ለማረጋገጥ እንኳ ምክንያት አይኖረውም። ቀኑ የሚታተመው ብዙ ጊዜ በስትሪፑ አንድ ጫፍ ብቻ ስለሆነም፣ ስትሪፑ ለሁለት ሲቆረጥ ግማሹ ያለ ቀን ይሄዳል።

ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የሚታተመውን ማብዛት ብቻውን የፒያሳውን ገዢ አይጠቅመውም። ግዴታው መለካት ያለበት ገዢው ይዞት በሚወጣው ነገር ነው ባይ ነኝ። ባለሙያው መድኃኒት በሚያስገባበት ትንሽ ፖስታ ላይ ስምና አወሳሰድ መጻፍ የቆየ አሠራር ነው። ለተቆረጠ ስትሪፕም ያው ፖስታ ሊሰጥ፣ በላዩም በአማርኛ የቀኑ ከፍተኛ መጠን፣ አብሮ የማይወሰደው መድኃኒትና በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የማብቂያ ቀን ሊሰፍርበት ይችላል።