ተረትና እውነታ፦ ሁሉን ያቀላው ፎርሙላው ነው?

ያለፈ ቀጠሮ እንዲቀላ ኤክሴል ላይ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ የሠራ ሰው፣ የወደፊቱም ቀጠሮ ሲቀላበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፎርሙላውን ነው፤ ቀጥሎም ኮምፒውተሩን። ደባርቅም ሆነ ዳባት፣ ቀጠሮ በእኛ ዘመን አቆጣጠር በሚሞላበት መዝገብ ግን ፎርሙላው ብዙውን ጊዜ ጥፋት የለበትም። ኤክሴል ቀን የሚያሰላው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ኅዳር 12 ቀን 2016ን 12/3/2016 ብለን ስንጽፍለት፣ እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ ማርች 12 ወይም ዲሴምበር 3 አድርጎ ይይዘዋል፤ ያ ኅዳር የዋለው ግን በእነሱ 2023 ነው። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የተጎተተ ቀጠሮ ባይቀላ ነበር የሚገርመው። ማስረጃው ሳይቀሉ የሚቀሩት ረድፎች ናቸው። ጥቅምት 30 ተብሎ የገባው 30/2/2016 በፈረንጆቹ የሌለ ቀን ስለሆነ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ በኤክሴል ንጽጽር ደግሞ ጽሑፍ ምንጊዜም ከቁጥር ይበልጣልና «ከዛሬ ያነሰ» የሚለው ሕግ አይነካውም። ፎርሙላው ቢሆን ኖሮ የተበላሸው፣ ጥቅምት 12ን አቅልቶ ጥቅምት 30ን አይምርም ነበር። ሴሉን ወደ ዴት ፎርማት መቀየርም አያድንም፤ ጽሑፉ ጽሑፍ እንደሆነ ግራውን ይዞ ይቆያል።

ፎርሙላውም ይሳሳታል የሚል ተቃውሞ ትክክል ነው፤ ምልክቱ ግን ሌላ ነው። ቀኑ ዲ ዓምድ ላይ ሆኖ ሕጉ ከ2ኛው ረድፍ ጀምሮ ተመድቦ ፎርሙላው ዲ1ን ከጠራ ቀለሙ በአንድ ረድፍ ይዛነፋል፤ ሙሉ ረድፍ እንዲቀላ ተፈልጎ ከዲ በፊት የዶላር ምልክት ($) ከተረሳ ደግሞ ከረድፉ አንዳንዱ ሴል ብቻ ይቀላል። ፎርሙላውን ባዶ ዓምድ ላይ ገልብጦ ወደ ታች መጎተትና «ትሩ» ወይም «ፎልስ» ማለቱን ማየት ክርክሩን ይቆርጠዋል።

እንግዲያው ሁሉንም በፈረንጆቹ መጻፍ ነዋ! የሚል ይኖራል። ዓመት ግን የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ ያሳስታል፤ ለምሳሌ መቀመጫው ደባርቅ የሆነው የሰሜን ተራሮች ፓርክ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ የገባው በ1996፣ የወጣው በ2017 ነው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ይህ ካልተጻፈ 1996ን እኛ በእነሱ 2003 ወይም 2004 አድርገን እናነበዋለን። ቀጠሮዋን በእኛ ወር የምታውቅ እናት ፊት ቀን በጭንቅላት መለወጥም ሌላ ስሕተት ይወልዳል። የሚሻለው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለይቶ መሙላት ነው። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን እኩል 30 ቀን መሆናቸው እዚህ ይጠቅማል፦ ዓመቱን በ365 ማባዛት፣ የዓመቱን ሩብ ያለ ትርፍ መደመር፣ ከወሩ 1 ቀንሶ በ30 አባዝቶ መደመር፣ ቀኑን መደመር፣ ከድምሩ 691164 መቀነስ። ለጥቅምት 30 ቀን 2016 ውጤቱ 45240 ነው፤ ዴት ፎርማት ሲሰጠው ኖቬምበር 10 ቀን 2023 ይላል። የቀለሙ ሕግም መታሰር ያለበት ይህ ውጤት ከሚወጣበት ዓምድ ጋር ነው።