ፋብሪካው ሲዘጋ የሚቀረው

አንድ ፋብሪካ ወደ ከተማ ሲመጣ አስቀድሞ የሚታየው የሥራ ዕድሉ ነው፤ የሚያስቀረው ዕዳ ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ለዚህ ምስክር የምትሆነን በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ በሃድሰን ወንዝ ዳር የምትገኘው ትንሿ ኮልድ ስፕሪንግ ናት።

ከተማዋ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የምትታወቀው መድፍ በሚሠራው የብረት ማቅለጫዋ ነበር። ማቅለጫው እ.ኤ.አ. በ1911 ከተዘጋ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ለጦር ኃይሉ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ የሚያመርት ፋብሪካ ተተከለላት። ይህ ባትሪ ደጋግሞ የሚሞላና ረጅም ዕድሜ ያለው በመሆኑ ተፈላጊ ነበር። ፋብሪካውም ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው እየተላለፈ እስከ 1979 ድረስ ሠራ።

ነገር ግን ካድሚየም ያዘለው የፋብሪካው እጣቢ ውኃ ለዓመታት ወደ ወንዙ ዳርቻ ረግረግ ይፈስ ነበር። ካድሚየም በጊዜ ብዛት የማይጠፋ ብረት ነው፤ በደለል ውስጥ ይቀመጣል፣ በውኃ ውስጥ በሚኖሩ ፍጥረታት ሥጋ ይከማቻል፣ በምግብ ወደ ሰው ሲገባም ኩላሊትንና አጥንትን ይጎዳል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደለሉ በከፊል ቢወጣም መርዙ አላለቀም። ስፍራው በ1983 ከአገሪቱ እጅግ የተበከሉ ቦታዎች ተርታ ተመዘገበ። ከ1993 እስከ 1995 ደለሉ በሰፊው ተጠርጎ በባቡር ተወሰደ፤ የአጎራባች ቤቶች ግቢ አፈር ሳይቀር ተቀየረ። ወጪውም በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር የሚታሰብ ሆነ። ፋብሪካው የሠራው ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ነው፤ ጽዳቱ የተጠናቀቀው ግን ከተዘጋ ከ16 ዓመት በኋላ ነው።

ይህን የምንጽፈው ልማትን ለመንቀፍ አይደለም። በየአጥቢያችን ስለ መሬትና ስለ ውኃ ምክር ሲያዝ፣ የሰበካ ጉባኤያትና ካህናት ሦስት ጥያቄዎችን እንዲያነሡ እናሳስባለን፦ እጣቢው ወዴት ይፈስሳል? የሚመረምረው ማን ነው? ሥራው ሲቋረጥ የሚያጸዳውስ ማን ነው? መልሱ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ይያዝ።

ጉዳዩ በፋብሪካ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ለፀሐይ ኃይል መብራት የምንጠቀምባቸው ባትሪዎችም ዕድሜያቸው ሲያልቅ በምንጭ ዳር አይጣሉ፣ አይቃጠሉ፣ ሕፃናትም አይፍቷቸው። ደረቅና ዝግ በሆነ ስፍራ ይሰብሰቡ፤ አወጋገዳቸውንም ከወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ጋር እንምከርበት። ከምንጩ ወደፊት የሚጠጡት ልጆቻችን ናቸውና።