በብራናው ላይ ያየሁት ኖራ

ከሙከ ጡሪ ወደ ዓለም ከተማ የሚያመራው መንገድ ለሚን እንዳለፈ ወደ ጀማ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። ላይኛው አገር ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ዝቅ ሲሉ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ይገጥማል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በዚህ አገር የተተከለው ይህ ድንጋይ ስላለ ነው። እኔን ወደዚያ የወሰደኝ ግን በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚገኝ የብራና ዳዊት ነበር።

ቄሰ ገበዙ ከማኅደሩ አውጥተው ሲገልጡት የአንዳንዱ ቅጠል ጠርዝ ደርቆ ተኮማትሯል፤ ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ሰፍሯል። በቅጠሎቹ መጋጠሚያ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ፍርፋሪዎች ወድቀዋል። እኛ የብራና ጥገና ባለሙያዎች ከብራና ላይ ቆርጠን አንወስድም። የሚበቃን ራሱ የወደቀው ነው፤ እሱንም ቢሆን የምናነሣው በፈቃድ ነው። ሁለት ፍርፋሪ ስጠይቃቸው ቄሰ ገበዙ፣ «ፊደል ባይኖርበትም የዳዊቱ አካል ነው፣ ልጄ፤ ትመልሺዋለሽ» አሉኝ። ቃል ገባሁ።

ፍርፋሪዎቹን የወሰድኩት በላቦራቶሪ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ላያቸው ነው። ይህ ማይክሮስኮፕ በብርሃን አያይም። አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር ናሙናውን መስመር በመስመር ይዳስሰዋል፤ ተመልሶ የሚወጣው ኤሌክትሮን ተሰብስቦ በስክሪን ላይ ምስል ይሆናል። ብራና ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ላዩን እጅግ ስስ በሆነ ወርቅ ቀባነው። በብርሃን ማይክሮስኮፕ ወለል ብቻ መስሎ የሚታየው ቆዳ እዚህ እርስ በርሱ የተጠላለፈ የጭረት (የፋይበር) ጥልፍ ሆኖ ይወጣል። ከዚያው ጋር የተገጠመው የኤክስሬይ መለኪያ ደግሞ በናሙናው ውስጥ የትኛው ንጥረ ነገር እንዳለ ይናገራል።

በእኛ ናሙና ላይ የካልሲየም ምልክት ጎልቶ ወጣ። የተማርኩባቸው መጻሕፍት የአውሮፓ ናቸው፤ በዚያ አገር ቆዳው ጠጉሩ እንዲለቅ በኖራ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ስለዚህ በብራና ላይ ካልሲየም ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ኖራ ነው። እኔም በረቂቅ ሪፖርቴ ላይ «በኖራ የተዘጋጀ ብራና» ብዬ ጻፍኩ።

ሪፖርቱን ከመፈረሜ በፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ ብራና ሲፍቁ የኖሩ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። የጻፍኩትን ስነግራቸው ዝም ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። መዳፋቸው እንደ ቀንድ ጠንክሯል። «ኖራ ከየት መጣ? የፍየሉን ቆዳ በውሃ ታርሺዋለሽ፤ በውጥሩ ላይ ጠፍረሽ ትወጥሪዋለሽ፤ ሥጋውን ትፍቂያለሽ፤ ጠጉሩን ትላጪያለሽ። ከዚያ የሚቀረው ፀሐይና ክንድ ነው» አሉኝ።

ወደ ላቦራቶሪው ተመልሼ ሁለተኛውን ፍርፋሪ በጎኑ አቆምኩት፤ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር እንዲታይ። ቆዳ ለቀናት በኖራ ውሃ ውስጥ ቢቆይ ኖራው እስከ ውስጠኛው ጭረት ይዘልቃል። እዚህ ግን ውስጡ ንጹሕ ነበር። ካልሲየሙ ያለው በላይኛው ገጽ ብቻ፣ በጭረቶቹ ላይ ተበትነው በቀሩ ማዕዘናም የድንጋይ ብናኞች ላይ ነው። ዳዊቱን ያገኘው የአገሩ አፈር እንጂ የፋቂው ኖራ አልነበረም።

ልዩነቱ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኖራ የተዘጋጀ ብራና አሲድን የሚያበርድ ቅሪት በውስጡ ይይዛል፤ የእኛ ብራና ይህ መከታ የለውም። የተሳሳተው ሪፖርት ቢፈረም ኖሮ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ዳዊቱን ጥበቃ እንዳለው አድርጎ ይይዘው ነበር። ማይክሮስኮፑ ሌላም ነገር አሳየኝ፤ በመጋጠሚያው አጠገብ ጭረቶቹ ተለይተው አይታዩም፣ እንደ ቀለጠ ሰም እርስ በርስ ተያይዘዋል። ይህ እርጥበትና ሙቀት የቆዳውን ኮላጅን ወደ ጄላቲን የለወጠበት ቦታ ነው። ስለዚህ ውሃ ያለበትን ሕክምና ሁሉ ተውነው። ብናኙን በለስላሳ ብሩሽ በደረቁ አነሣን፤ ማኅደሩም ከድንጋይ ግድግዳው ርቆ በእንጨት መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ተስማማን።

እኔ ፍርፋሪውን ወደ መሣሪያው ወሰድኩ፤ ባለሙያውና መሣሪያው ወደ ቅርሱ ሲሄዱ የሠመረበት ጊዜም በአገራችን አለ። የአባ ገሪማ ወንጌሎች የተጠገኑት ከገዳሙ ሳይወጡ ነው። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ቀለምም በእጅ በሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ በቦታው ተጠንቷል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ከመሣሪያው ጎን የሚቆም የእጅ ዐዋቂ ያስፈልጋል። የምዕራቡ መመሪያ ስለ ምዕራቡ ብራና የተጻፈ ነው፤ የእኛን የሚያነብልን የእኛ ፋቂ ነው። እንዲህ ያሉ አባቶች እየቀነሱ ነው። ውጥራቸውን፣ መፋቂያቸውንና ቃላቸውን ዛሬ ካልመዘገብን ነገ የምንገዛው ማይክሮስኮፕ ምንም ያህል ቢያጎላ የሚያሳየንን ምስል የሚፈታልን እናጣለን።

ባለፈው ወር ወደ ለሚ ተመለስኩ። በወርቅ የተቀቡትን ሁለት ፍርፋሪዎች በታጠፈ ወረቀት ይዤ፣ ከጎናቸውም የመሪጌታውን ቃልና የማይክሮስኮፑን ምስል በአንድ ገጽ ላይ አትሜ ለቄሰ ገበዙ አስረከብኩ። ወረቀቱን ገልጠው አዩ፤ ቆጠሩም። ሁለቱም ነበሩ። ከዚያ በማኅደሩ ኪስ ከተቷቸው።