ባሕር የወረደ ሽፍታ

ከደሴ የሐረጎን ዳገት ተጠማዝዞ የሚወርደው መንገድ ኮምቦልቻ ላይ አያበቃም። አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ባቲን ያቋርጥና፣ በሚሌ በኩል የአፋርን በረሃ አልፎ አሰብ ይደርሳል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ይህ መንገድ የወሎን ደጋ ከቀይ ባሕር ጋር አስተሳስሮ ለረጅም ዘመን ኖሯል። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ባሕር የተረት አገር ያልሆነው ለዚህ ነው፤ ጨውና ሸቀጥ ጭኖ ይመጣ የነበረ መኪና ጠረኑን ያመጣላቸው ነገር ነው።

ከአሰብ ወደ ደቡብ ብዙም ሳይርቅ ባብ ኤል መንደብ አለ። በ1695 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ኤቭሪ የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ወንበዴ በዚያ ጠባብ በር አድፍጦ ወደ ሕንድ የሚመለሱትን የሙጋል መንግሥት መርከቦች ሲጠብቅ ሰነበተ። በሌሊት ሾልከው ቢያመልጡትም አሳዶ ደረሰባቸውና ትልቁን፣ ጋንጅ ኢ ሳዋይን፣ ዘረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዊልያም ኪድም እዚያው በር ላይ አደባ፤ እሱ ግን በ1701 ለንደን ላይ ተሰቀለ። ሆሊውድ ስለ ኪድ በ1945 ፊልም ሠራ። በ1952 የወጣው «አጌንስት ኦል ፍላግስ» ደግሞ ወንበዴዎች የሙጋል ንጉሥን መርከብና ልዕልት ሲማርኩ ያሳያል፤ የኤቭሪ ወሬ ካሊፎርኒያ ድረስ ተጉዟል ማለት ነው።

እነዚህ አሮጌ ፊልሞች ዛሬም ለምን ይጥማሉ? መልሱን ለማግኘት «ሸፈተ» የሚለውን ግስ ማሰብ ይበቃል። በአማርኛ ሽፍታ ሌባ ብቻ አይደለም። የተበደለ፣ ፍርድ የተጓደለበት፣ አቤት የሚልበት ደጅ ያጣ ሰው ጫካ ሲገባም ሸፈተ ይባላል። የጥንቱ የሆሊውድ የባሕር ወንበዴ ይኸው ሰው ነው፤ ልዩነቱ ጫካው ውኃ መሆኑ ነው።

የ1935ቱን «ካፒቴን ብለድ» እንውሰድ። ራፋኤል ሳባቲኒ በ1922 ካሳተመው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፤ ያዘጋጀው ማይክል ከርቲዝ ነው። ፒተር ብለድ ሐኪም ነው። በ1685 በእንግሊዙ ንጉሥ ጀምስ ላይ ካመፁት አንዱን ቁስለኛ ስላከመ ብቻ እንደ ከሃዲ ተፈርዶበት ጃማይካ ውስጥ በአሥር ፓውንድ ይሸጣል። ከዚያ አምልጦ መርከብ ይይዛል፤ ይሸፍታል። ንጉሡ ሲወድቅ ምሕረት ተደርጎለት የዚያችው ደሴት ገዥ ሆኖ ይመለሳል። ይህ መጨረሻ የሆሊውድ ፈጠራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ቋራ ላይ ሸፍቶ በ1855 ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠውን ካሳ ኃይሉን ለሚያውቅ አንባቢ ግን እንግዳ አይሆንም። ወሎ ደግሞ የቴዎድሮስን ክንድ ቅርብ ሆኖ ቀምሶታል፤ ምሽጉ መቅደላም እዚሁ ናት። ሽፍታ ሲነግሥ ምሕረቱም ጭካኔውም አብሮት እንደሚነግሥ ወሎዬ ከማንም በላይ ያውቃል። ፊልሙ የሚያሳየው ምሕረቱን ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ትዕይንት ልብ ይነካል። ወንበዴዎቹ ከመዝመታቸው በፊት ውል ይዋዋላሉ፤ እጁን ወይም እግሩን ላጣ ሰው ካሳው አስቀድሞ ይቆረጣል። ይህ ከእውነት የተወሰደ ነው። ራሱ አብሯቸው የዘመተው ኤክስክዌመሊን በ1678 ባሳተመው መጽሐፍ የቀኝ ክንድ ካሳ 600 የስፔን የብር ሳንቲም እንደነበር ጽፏል። መከራ ሳይመጣ መከራን በጋራ ለመሸከም መዋዋል ምን እንደሆነ በቅሬ፣ በወሎ እድር፣ ያደገ ሰው ማብራሪያ አያሻውም።

የፊልሙ አሠራርም ያስገርማል። ኤረል ፍሊን ያኔ ስሙ የማይታወቅ፣ ታዝማኒያ የተወለደ ወጣት ነበር፤ ለብለድነት የታጨው ሌላ ተዋናይ ሲቀር ገባ። በባሕር ዳርቻ በጎራዴ የሚገጥመው ባዚል ራትቦን ከእሱ የተሻለ ጎራዴ አዋቂ ሆኖ ሳለ፣ እንደ ድርሰቱ መሞት ያለበት ራትቦን ነበር። ብዙዎቹ መርከቦች በስቱዲዮ ገንዳ ላይ የሚንሳፈፉ ትንንሽ ሞዴሎች ናቸው። መርከብን ማሳነስ ይቻላል፤ የውኃን ጠብታ ግን አይቻልም። ስለዚህ ካሜራውን አፍጥነው ይቀርጹና በተለመደው ፍጥነት ያሳያሉ፤ ያኔ ሞገዱ ከብዶና ዘግይቶ ሲወድቅ ዓይን ትልቅ ባሕር ነው ብሎ ያምናል። ሙዚቃውን ኤሪክ ቮልፍጋንግ ኮርንጎልድ በሦስት ሳምንት ገደማ ጻፈው።

ከርቲዝ፣ ፍሊንና ኮርንጎልድ በ1940 «ዘ ሲ ሃውክ»ን አብረው ሠሩ። አንዲት ደሴት፣ እንግሊዝ፣ ዓለምን ልዋጥ የሚል ንጉሥ ፊት ስትቆም የሚያሳይ ነው። ነገሩ ስለ ስፔን ቢሆንም ተመልካቹ ሂትለርን አየበት። በዚያ ዓመት ደሴ በፋሺስት ጣሊያን እጅ ነበረች፤ ነፃ የወጣችው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ፊልሙን ይህን አስቦ ማየት ክብደቱን ይጨምረዋል።

የእነዚህ ፊልሞች ጉድለትም ሊነገር ይገባል። በጃማይካ የሸንኮራ እርሻ ጉልበታቸውን ያፈሰሱት አፍሪካውያን ነበሩ፤ «ካፒቴን ብለድ» ግን የሚያዝነው በባርነት ለተሸጡት እንግሊዛውያን ነው። ከእውነተኞቹ ወንበዴዎች ብዙዎቹ ሰው ይሸጡ ነበር። የኤቭሪ ሰዎችም በማረኳቸው መንገደኞች ላይ የፈጸሙት ግፍ ለስክሪን የሚሆን አይደለም።

ለጀማሪ ግን በ1952 የወጣው «ዘ ክሪምሰን ፓይሬት» ይቀድማል። መሪ ተዋናዩ በርት ላንካስተር ወደ ፊልም ከመግባቱ በፊት የሰርከስ አክሮባት ነበር። አብሮት የሚጫወተው ኒክ ክራቫትም የልጅነት ጓደኛውና የሰርከስ ባልደረባው ነው። ከመርከብ ምሰሶ ወደ ምሰሶ የሚወረወሩት ራሳቸው ናቸው። ክራቫት በፊልሙ ዲዳ ሆኖ ስለሚጫወት፣ የሚለውን ሁሉ በእጁ፣ በቅንድቡና በዝላዩ ይለዋል። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተደርድሮ እንግሊዝኛውን ሳይሰማ በድርጊቱ ብቻ ታሪክ መከተል የለመደ ትውልድ፣ ከእሱ አንድ ቃል አያመልጠውም።