ርካሿ አውቶማቲክ ሐረጎን ትወጣለች?

«ሞተሯ እሳት ነው፤ ካምቢዮዋ ብቻ ትንሽ ታንገራግራለች፣ ዘይት ቢቀየርላት ይስተካከላል» ተብላ የቀረበች አውቶማቲክ መኪና ዋጋዋ ከእኩዮቿ ዝቅ ያለ እንደሆነ፣ ገዥው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ዘይቱ ሳይሆን ስለ ራዲያተሩ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ጥያቄው ከሜዳ ከተሞች ይልቅ ይከብዳል፤ በሁለቱ መካከል ሐረጎ አለና።

ርካሽ መኪና መፈለግ ማንንም አያስወቅስም። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚከብድ ታክስ ተጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። አገር ውስጥ የቀረችው አሮጌ መኪና ባረጀች ቁጥር መርከስ ሲገባት ብሷት ተወደደች። በዕቁብና በቁጠባ ገንዘብ ያሰባሰበ ሰው «ቅናሽ» የተባለች መኪና ሲያይ ልቡ ቢከጅል አይገርምም። ዕቁቡ ግን በዙር አንዴ ብቻ ነው የሚወጣው።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ማርሽ የሚያስገባውም፣ የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያሸጋግረውም እሱ ነው። ሥራው ስለሚያግለው መቀዝቀዝ አለበት። በብዙ መኪኖች ላይ ዘይቱ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ራዲያተሩ ይሄድና በውስጡ በተቀበረች ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አልፎ ይመለሳል። ዘይቱን ከራዲያተሩ ውሃ የሚለየው የማቀዝቀዣዋ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። ያ ግድግዳ በዝገት ወይም በስንጥቅ ሲበሳ ዘይትና ውሃ ይገናኛሉ። ሞተሩ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ የዘይቱ ግፊት ስለሚበልጥ ዘይት ወደ ራዲያተር ይገባል። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ግፊት ይወርዳል፤ የጋለው ራዲያተር ግን ግፊቱን ይዞ ስለሚቆይ ውሃው በተራው ወደ ካምቢዮ ይሰርጋል። መኪናዋ ቆማ ባለቤቷ ቡና ሲጠጣ ማለት ነው።

ውሃ የገባበት ካምቢዮ ወዲያው አይቆምም፤ ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። በውስጡ ያሉት የፍሪሲዮን ዲስኮች ልባሳቸው በሙጫ የተጣበቀ ነው። ውሃና ኩላንት ሙጫውን ያላቅቁታል፤ ልባሱም ከዘይቱ ጋር እየዞረ መተላለፊያዎቹን ይደፍናል። ብረቱ መዛግ ይጀምራል። በኋላ በመጡ ብዙ ትናንሽ መኪኖች ላይ ያለው ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ ደግሞ በብረት ቀበቶ ስለሚሠራ የተበላሸ ዘይትን ጨርሶ አይታገሥም። ከእነዚህ ሁሉ ነፃ የሆነችው ማኑዋሏ የጥንት ዲኤክስ ናት፤ በራዲያተሯ ውስጥ የሚያልፍ የካምቢዮ ዘይት የላትም። ብዙ ሰው አሁንም የሙጥኝ የሚላት ያለ ነገር አይደለም።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በተሠሩ የኒሳን ፓዝፋይንደር፣ ኤክስቴራና ፍሮንቲየር መኪኖች ላይ ይኸው ብልሽት በርትቶ አሜሪካ ውስጥ ባለ መኪኖች ክስ መሥርተዋል፤ ኩባንያውም የራዲያተሩን ዋስትና እስከ 8 ዓመት ወይም 80 ሺህ ማይል፣ ማለትም 129 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል አራዝሞታል። እኛ ዘንድ ለብልሽቱ አንድ ተጨማሪ አጋዥ አለ፦ ራዲያተርን በቧንቧ ውሃ መሙላት። ፀረ ዝገት ያለው ኩላንት ከተራ ውሃ ይወደዳል፤ ከካምቢዮ ጋር ሲተያይ ግን የሻይ ዋጋ ነው።

ምልክቱን ለማየት የመሐንዲስ ዓይን አያስፈልግም። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ (በጋለበት መክፈት ፊት ያቃጥላል) የራዲያተሩ ክዳን ይከፈት። ውሃው ላይ የዘይት ቅባት ወይም ቀላ ያለ ዝቃጭ ካለ ጥርጣሬው በቂ ነው። ቀጥሎ የካምቢዮው የዘይት መለኪያ ዘንግ ይመዘዝ። ጤነኛው ዘይት ጥርት ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ይሆናል። ውሃ የገባበት የእንጆሪ ጭማቂ በወተት የተመታ ይመስላል። ዘንግ የሌላቸው መኪኖች ከሥር ሊፈተሹ ይገባል፤ ሻጩ ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነ እሱም አንድ መልስ ነው። የወተት መልክ የታየው በሞተሩ ዘይት ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ የሚጠረጠረው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው።

ሻጭ ሁሉ ሞኝ አይደለም። ዘይቱ ትናንት ተቀይሮ፣ ራዲያተሩ ታጥቦ ሊሆን ይችላል። በ20 ዓመት መኪና ላይ አዲስ ራዲያተርና እንደ ደም የቀላ አዲስ ዘይት አብረው ከታዩ፣ ወይ ባለቤቱ ጠንቃቃ ነው ወይ የሚሸፈን ታሪክ አለ። ደረሰኙንና የለወጠውን ጋራዥ መጠየቅ ነውር የለውም።

የመጨረሻው ዳኛ መንገዱ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ600 ሜትር በላይ መውጣት አለ። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ አሥር ደቂቃ የተነዳች መኪና ምንም ላታሳይ ትችላለች። ካምቢዮው ሐረጎ ላይ ሲግል ግን ማርሽ ዘግይቶ ይገባል፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አትጎተትም፤ ወይም እንደ ደረቅ አስፋልት ጭረት ያለ መንቀጥቀጥ ይሰማል። ደሴ ደርሶ ግማሽ ሰዓት አቁሞ፣ እንደገና አስነስቶ ወደፊትና ወደኋላ ማርሽ ማስገባት ይገባል። ደላላው «ነዳጅ ይበላል» ካለ ነዳጁን ገዥው ይሙላ።

ጥርጣሬው እውነት ሆኖም መግዛት አንዳንዴ ያዋጣል፤ ሒሳቡ ግን በቅጡ ይሠራ። ዘይት ወደ ራዲያተሩ ገብቶ ውሃ ገና ወደ ካምቢዮው ካልገባ፣ ራዲያተር መለወጥ ወይም ለካምቢዮው ለብቻው የሚቀመጥ ማቀዝቀዣ መግጠም፣ ዘይቱንም ደጋግሞ መለወጥ ሊያድናት ይችላል። የራዲያተር በያጅ ይህን አይጠግነውም፤ ቀዳዳው በውስጥ ነው። ውሃው ከገባ ግን ዋጋው መተመን ያለበት ካምቢዮዋ እንደሌለ ተቆጥሮ ነው፦ ያገለገለ ካምቢዮ፣ ራዲያተር፣ ዘይት፣ የጋራዥ የእጅ ዋጋ፣ ዕቃው ከታጣ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከአዲስ አበባ የሚመጣበት ጭነት። የሚገዛው ካምቢዮም የሌላ መኪና ታሪክ ይዞ እንደሚመጣ አይረሳ። ቅናሹ ከዚህ ድምር ካልበለጠ ቅናሽ አይባልም።

ሕጉም እዚህ ላይ ይነካል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ይሁንና ገዥው ውሉ ሲፈረም ጉድለቱን ያውቅ ከነበረ ዋስትናው አይሠራለትም፤ መርምሮ ያገኘውንም ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ «ካምቢዮዋ ትንሽ ነገር አላት» የሚለውን ቃል ሰምቶ የፈረመ ሰው በኋላ ፍርድ ቤት ሲቆም ያው ቃል ሊመለስበት ይችላል። የተነገረው ጉድለት ምን እንደሆነ፣ ሻጩ ደኅና ነው ያለው ክፍልም የትኛው እንደሆነ ለይቶ በውሉ ላይ ማስጻፍ፣ ይህም የስም ዝውውሩ ሳይጀመርና ገንዘቡ ሳይከፈል ቢሆን ይመረጣል።