ጨረሩ ላይ ኬሞ ለምን ይጨመራል? የኃይለኛው ታይሮይድ ካንሰር ተረትና እውነታ

አንገቱ ያበጠ ሰው ሲታይ ብዙዎች «እንቅርት ነው፤ እንቅርት ደግሞ አይገድልም» ይላሉ። አብዛኛው እንቅርት በእርግጥም ካንሰር አይደለም። ካንሰር ሆኖ ቢገኝ እንኳ በብዛት የሚታየው ፓፒላሪ የሚባለው፣ ቀስ ብሎ የሚያድግና በቀዶ ሕክምና የሚድነው ዓይነት ነው። «የታይሮይድ ካንሰር ቀላል ነው» የሚለው እምነትም የመጣው ከዚህ ነው።

አናፕላስቲክ የሚባለው ዓይነት ግን ሌላ ነው። ከመቶ የታይሮይድ ካንሰር ታማሚዎች አንድ ወይም ሁለቱን ብቻ ቢይዝም፣ ብዙ ጊዜ ለዓመታት ምንም ሳይል በኖረ እንቅርት ላይ ይነሣና በሳምንታት ውስጥ ያብጣል። ድምፅ ይሻክራል፣ ምግብ አልወርድ ይላል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ሐኪሞች ከተገኘበት ቀን ጀምሮ አራተኛ ደረጃ ይሉታል። በቀደሙት ጥናቶች ግማሾቹ ታማሚዎች ከምርመራው በኋላ ከአምስት ወር ገደማ በላይ አልቆዩም። «እስቲ ትንሽ እንየው» ማለት እዚህ ላይ ሕይወት ያስከፍላል።

«ታይሮይድ እኮ የአዮዲን ሕክምና አለው» የሚሉም አሉ። ጨረር ያለው አዮዲን የሚሠራው ሴሉ አዮዲን ስቦ ሲያስገባ ነው። የአናፕላስቲክ ሴሎች ይህን ችሎታ ስላጡ መድኃኒቱ ሳይነካቸው ያልፋል። ስለዚህ ጨረሩ ከውጭ፣ በማሽን ይሰጣል። በማሽን የታከመ ሰው ደግሞ ጨረር ይዞ ወደ ቤቱ አይገባም፤ ልጆቹን ማቀፍ ይችላል።

ቤተሰብን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ቀጣዩ ነው። ጨረሩ ሳያንስ ኬሞ ሲጨመር «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይመስላል፤ የደከመን ሰው ይበልጥ ማድከም። ኒውዮርክ በሚገኘው የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ኪምና ሊፐር የተባሉ ሐኪሞች የሠሩበት ዘዴ ሐሳቡ ሌላ መሆኑን ያሳያል። ዶክሶሩቢሲን የተባለው የኬሞ መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ በሦስት ሳምንት አንዴ ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት ከ60 እስከ 75 ሚሊግራም ይደርሳል። እነሱ ግን በየሳምንቱ 10 ሚሊግራም ብቻ ሰጡ። ጨረሩ የሴሉን ዲኤንኤ ይሰብራል፤ መድኃኒቱ ሴሉ ስብራቱን እንዳይጠግን ያውከዋል። ጨረሩም በአንድ ጊዜ በብዛት ሳይሆን በ1.6 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ተከፋፍሎ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ እየተሰጠ በ40 ቀን 57.6 ግሬይ ደረሰ። መጠኑን ማሳነሱ ጤናማውን አካል ለማዳን፣ በቀን ሁለቴ ማድረጉ ደግሞ በፍጥነት ለሚባዛው ዕጢ ፋታ ላለመስጠት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው ውጤታቸው ግን ተስፋም መርዶም አለበት። ከ19 ታማሚዎች 84 በመቶ የሚሆኑት የአንገታቸው ዕጢ ሙሉ በሙሉ ጠፋ፤ ሆኖም ታማሚዎቹ በሕይወት የቆዩበት አማካይ ጊዜ ከአንድ ዓመት አላለፈም፤ ካንሰሩ ሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ወጣ። «ሁለቱ ከተጣመሩ ይድናል» ማለት ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። «ዋጋ የለውም» ማለትም የባሰ ስህተት ነው፤ ይህ በሽታ ታፍኖ መሞትን ያመጣልና፣ አንገቱ ከታፈነበት የተላቀቀ ሰው ያገኘው ነገር ትልቅ ነው።

ጨረርና ኬሞን አብረው ከወሰዱ ታዋቂ ሰዎች አንዱ የሆኑት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬንኲስት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004፣ በ80 ዓመታቸው የታይሮይድ ካንሰር ተገኘባቸው። ፍርድ ቤቱ ዓይነቱን ባይገልጽም፣ መተንፈሻ በጉሮሯቸው መከፈቱና ጨረርና ኬሞ በአንድ ላይ መጀመራቸው ሲሰማ ብዙ ባለሙያዎች አናፕላስቲክ ነው ብለው ገመቱ። በጥር 2005 ፕሬዚዳንት ቡሽን ቃለ መሐላ አስፈጸሙ፤ በመስከረም 3 አረፉ።

ጥምር ሕክምናው ቀላል አይደለም። አፍና ጉሮሮ ይቆስላል፣ መዋጥ ይከብዳል፣ አንዳንዱ በቱቦ ይመገባል። ዶክሶሩቢሲን ቀይ ስለሆነ ሽንትም ለአንድ ሁለት ቀን ይቀላል፤ ያላወቀ ቤተሰብ ደም መስሎት ይደነግጣል።

እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ናሙናው ሲወሰድ አብሮ የሚጠየቅ አንድ ምርመራ አለ፤ ቢራፍ የሚባለው ጂን ተለውጦ እንደሆነ ማየት። በዚያ ዓመት ግንቦት የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ዳብራፌኒብና ትራሜቲኒብ የተባሉ የሚዋጡ መድኃኒቶችን ለውጡ ላለባቸው የአናፕላስቲክ ታማሚዎች አብረው እንዲሰጡ ፈቀደ። በአንዳንዱ ታማሚ እነዚህ ከጨረሩና ከኬሞው ይቀድማሉ፤ የምርመራው ውጤት ቶሎ እንዲደርስ ሐኪሙን መወትወት የቤተሰቡ ድርሻ ነው።